ግማሹ ጥቅስ፦ ክሊፎርድ ኦዴትስ ከኢሳይያስ የወሰደው ርዕስ



በኢሳይያስ 26፥19 ነቢዩ በትቢያ ውስጥ ያሉትን ጠርቶ እንዲነቁና እንዲዘምሩ ይነግራቸዋል። ስለ ትንሣኤ ስናስተምር ደጋግመን የምንጠቅሰው ቃል ነው። በ1935 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይኸው ቃል «ንቁ ዘምሩም» ተብሎ በኒውዮርክ የአንድ ቴአትር ርዕስ ሆነ። ጸሐፊው የ28 ዓመቱ ወጣት ክሊፎርድ ኦዴትስ ነበር።

«መንፈሳዊ ጽሑፍን ከቴአትር ጋር ምን አገናኘው?» ትሉን ይሆናል። ሰውየው ለጥቂት ወራት የኮሚኒስት ፓርቲ አባል እንደነበር ስንጨምር ደግሞ ጥያቄው ይበረታል። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘግተው በየቤቱ ተደብቀው ያመለኩ አባቶችና እናቶች ልጆች ነንና ቃሉ ቢጎረብጠን አይገርምም። ቢሆንም ከዚህ ሰው ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የምትማረው አለ ብለን እናምናለን።

ኦዴትስ በ1906 በፊላደልፊያ ከአይሁድ ስደተኞች ቤተሰብ ተወልዶ በኒውዮርክ ብሮንክስ አደገ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ ተዋናይ ለመሆን ወጣ፤ በ1931 የተመሠረተውን «ግሩፕ ቲያትር» የተባለ የተዋንያን ቡድንም ተቀላቀለ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበር። በከፋው በ1933 ከአራት አሜሪካዊ ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም።

በጥር 1935 «ሌፍቲን ሲጠብቁ» የተባለው አጭር ድርሰቱ መድረክ ላይ ወጣ። የታክሲ ሾፌሮች ተሰብስበው አድማ እንምታ አንምታ እያሉ ይከራከራሉ፤ መሪያቸውን ሌፍቲን ይጠብቃሉ። በመሐል አንድ ሰው ሮጦ ይገባና ሌፍቲ በጥይት ተመትቶ ሞቶ መገኘቱን ይናገራል። በመጀመሪያው ምሽት ተመልካቹ ከተዋንያኑ ጋር አብሮ «አድማ! አድማ!» እያለ ጮኸ። ያ ጩኸት ከየት መጣ? ለዓመታት የሰማው አጥቶ የታፈነ ሕዝብ ድምፁን ስላገኘ ነው።

በቀጣዩ ወር «ንቁ ዘምሩም» ተከተለ። በብሮንክስ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የሚኖሩ፣ ገንዘብ ያጣላቸው፣ ግን የሚዋደዱ ቤተሰቦች ታሪክ ነው። አያትየው ጄኮብ የኢሳይያስን ቃል ጠቅሶ የልጅ ልጁን ራልፍን ተነስ ይለዋል። በኋላም ከሕንፃው ጣሪያ ወድቆ ይሞታል። የ3,000 ዶላር የሕይወት ኢንሹራንሱን የተወው ለራልፍ ነው፤ ሽማግሌው ልጁ ነፃ እንዲወጣ ብሎ ራሱን እንደ ሰጠ ተመልካቹ ይረዳል። ራልፍ ግን ገንዘቡን ለእናቱ ትቶ፣ እዚያው ሆኖ ለተሻለ ነገር ሊታገል ይወስናል።

ወገኖች፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ኢሳይያስ «ንቁ» ከማለቱ በፊት የተናገረው ነገር አለ። ቁጥሩ የሚጀምረው የእግዚአብሔር ሙታን ሕያዋን እንደሚሆኑ፣ ሬሳዎችም እንደሚነሡ በማብሰር ነው። የሚዘምሩት እርሱ ስላስነሣቸው ነው። ኦዴትስ ትእዛዙን ወሰደ፤ ተስፋውን ግን ተወው። በትቢያ ውስጥ ያለውን ሰው በራስህ ጉልበት ተነስ አለው። የሰው ጉልበት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያደርስ የራሱ የደራሲው ሕይወት ይነግረናል።

በ1937 «ወርቃማው ልጅ»ን ጻፈ። ቫዮሊን የመጫወት ተሰጥኦ ያለው ወጣት ለገንዘብና ለዝና ሲል ቦክሰኛ ይሆናል፤ እጁም ነፍሱም ይሰበራሉ። ኦዴትስ በዚያን ጊዜ ራሱ ለሆሊዉድ ፊልም መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ ብዙዎችም በታሪኩ ውስጥ እርሱን አዩት።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ1952 ነው። በአሜሪካ ኮሚኒስቶችን የሚያድነው የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ አስጠራውና የቀድሞ ጓዶቹን ስም እንዲናገር ጠየቀው። ተናገረ። ከጠራቸው አንዱ «ንቁ ዘምሩም» ላይ የተወነው ጄ. ኤድዋርድ ብሮምበርግ ነበር። ብሮምበርግ ቀደም ሲል በዚያው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አልመልስም ብሎ፣ በ1951 መጨረሻ በልብ ሕመም አርፏል። በመታሰቢያው ላይ ቆሞ ስለ እርሱ የተናገረው ደግሞ ኦዴትስ ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ የዚያኑ የሟች ስም ለመርማሪዎቹ ሰጠ። ብዙ የቀድሞ ወዳጆቹም ራቁት።

በእርሱ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ጴጥሮስም በእሳት ዳር ሲጠየቅ ጌታውን አላውቀውም ብሏል። ጴጥሮስን ግን ከሞት የተነሣው ጌታ በባሕር ዳር አግኝቶ ቁርስ አበላው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው (ዮሐንስ 21)። ለተጨቆነ መጮህ ትክክል ነው፤ ጩኸቱ ግን በፈተና ቀን ጉልበታችንን አያጸናም። የወደቀውን የሚያነሣው ሕያው የሆነ ጌታ ነው።

ኦዴትስም ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ተመልሷል። ለመድረክ ያበቃው የመጨረሻው አዲስ ድርሰቱ፣ በ1954 የቀረበው «ያበበው የኮክ ዛፍ»፣ ስለ ኖኅ ነው። ያፌት ይህን ሁሉ ሰው በሚያጠፋ ፍርድ ላይ አምፆ መርከቡ ውስጥ አልገባም ይላል፤ በግድ ተሸክመው ያስገቡታል። ኖኅ ደግሞ እግዚአብሔር ይመራናል ብሎ መርከቡ መሪ እንዳይገጠምለት ይከለክላል፤ በዚህም ከልጁ ጋር ይጣላሉ። ከሃያ ዓመት በፊት «ተነሡ» ብሎ የጮኸው ሰው አሁን የእግዚአብሔር ሥራና የሰው ሥራ የት እንደሚገናኙ እየጠየቀ ነበር። በነሐሴ 1963 በ57 ዓመቱ በካንሰር አረፈ። የልቡን ፍጻሜ የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይለናል? ኦዴትስ ግማሹን ጥቅስ ይዞ ነበር፤ እኛም ሌላውን ግማሽ ብቻ ይዘን እንዳንገኝ እንፈራለን። ትንሣኤን እንሰብካለን፤ ደመወዙ የተቀማበት ወንድማችን ግን ከጎናችን ተቀምጦ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «ጸልይ» እንለዋለን፤ ምን እንደደረሰበት አንጠይቀውም። ያዕቆብ 5፥4 ግን የተቀማው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይነግረናል። ጌታ የሚሰማውን ጩኸት ቤቱ ካልሰማችው ሰዎች ሌላ አዳራሽ ፈልገው ይጮኻሉ። በ1935 ኒውዮርክ የሆነው ይኸው ነው።

እስቲ በዚህ ሳምንት በየኅብረታችን አንድ ሰው እንጠይቅ፦ «ሥራህ እንዴት ነው? የበደለህ አለ?» መልሱንም እስከ መጨረሻው እንስማ፤ የምንችለውንም እናድርግ። ከዚያም ሙታንን ስለሚያስነሣው ጌታ እንንገረው። ጥቅሱ ያኔ ሙሉ ይሆናል።

ጌታ ይርዳን። ጸጋው ይብዛላችሁ።