ፎቶው የማይናገረው

ከልጆቻችሁ ወይም ከልጅ ልጆቻችሁ አንዱ «ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው» ቢላችሁ ግራ አይግባችሁ። ፕሮግራሙ ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት ሰው ሊያበላሸው በሚችለው መንገድ ሁሉ ቀድመው ይሞክሩታል። ለዚህም «ይህን ብትጫን ይህ መምጣት አለበት» የሚል ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ ቴስት ኬዝ ይሉታል። አሁን ደግሞ የስክሪኑን ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጡትና ዝርዝሩን እሱ ይጽፍላቸዋል።

የልጅ ልጄ ለልምምድ በሠራችው የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ገጽ አሳይታኛለች። ስም ባዶ ቢቀርስ? በስልክ ቁጥር ቦታ ፊደል ቢገባስ? የልደት ቀኑ ገና ያልደረሰ ቢሆንስ? እያለ ደረደረው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው፤ ሰው የሚሰለቸው እሱን አይሰለቸውም።

ያየው ግን ፎቶ ብቻ ነው። ፔንታ የምንለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት። እናት በ3ኛው ሳምንት ብትመጣ ገጹ ዝም ብሎ ይመዘግባል ወይስ ያስጠነቅቃል? ይህ ከፎቶ አይነበብም፤ ክትባት የሰጠ ሰው ነው የሚያውቀው። ጳጉሜንስ? ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለዱ ልጆች አሉን። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ምን ብሎ ሊጽፋቸው ነው? ሁለቱንም ነገርኳት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1987 ቴራክ-25 የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ለ6 ሕሙማን ከመጠን እጅግ ያለፈ ጨረር ሰጥቷል፤ የሞቱም አሉ። ከጥፋቶቹ አንዱ እንዲህ ነበር፦ ባለሙያዋ የጨረሩን ዓይነት ተሳስታ ታስገባና በሴኮንዶች ውስጥ ተመልሳ ታርመዋለች። ስክሪኑ የታረመውን ያሳያል፤ መሣሪያው ውስጥ ግን ቅንብሩ አልተስተካከለም። ያንን ስክሪን ፎቶ ብታነሡት አንድም እንከን አታዩበትም። ጥፋቱ የነበረው በእጅዋ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ደግሞ በፎቶ አይታይም። መሣሪያው የተፈተሸው በዝግታ በሚጽፍ ሰው ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለው ነገር ተደብቆ ያልፋል። ተረኛ ነርስ ደግሞ ወረፋ ሲበዛባት በዝግታ አትጽፍም።

አንድ ነገር ግን ልጆቻችሁን አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የምትልኩት ፎቶ ላይ የእውነተኛ ሰው ስም፣ ስልክ ወይም የበሽታ ታሪክ አለ ወይ? በእኛ ሙያ የታካሚ ካርድ ለመንገደኛ አይሰጥም፤ ማሽንም ቢሆን መንገደኛ ነው። ለፍተሻ የሚሆን የፈጠራ ስም ሞልቷል።

የእኔዋ ስም ሲያልቅባት የኔን ወስዳለች። በመዝገቧ ላይ የ3 ወር ሕፃን ነኝ፤ ሁለተኛው ፔንታ አልፎኛል።