የልብ ሕክምና ወደ ወረዳ ይውረድ

ልቡ የደከመ ሰው ከሐኪም የሚያገኘው ርዳታ፣ እንደ ወባ አንድ ጊዜ ታክመው የሚገላገሉት ሳይሆን፣ በየጊዜው ክብደቱ እየተለካ፣ የእግሩ እብጠት እየታየ፣ የመድኃኒቱም መጠን እየተጨመረና እየተቀነሰ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጥበቃ ስለ ሆነ፣ በአዲስ አበባና በጥቂት የክልል ከተሞች የልብ ክሊኒክ መከፈቱ ብቻውን ሥራው ተፈጽሟል ሊያሰኝ አይገባም። ሕሙሙ በቀጠሮው ቀን ሊደርስበት ያልቻለ ክሊኒክ ለእርሱ እንዳልተከፈተ ይቆጠራል።

በበለጸጉት አገሮች የልብ ድካም በአብዛኛው የአረጋውያን ደዌ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን ተከታትሎ ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ግን አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት መሆኑን፣ በ6 ወርም ውስጥ ከመቶ 18 ያህሉ መሞታቸውን ገልጿል። በእኛ ዘንድማ በልጅነታቸው ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ ያበላሸባቸው፣ ገና ጎጆ ያልወጡ ወጣቶች ሳይቀሩ በዚሁ ደዌ ይያዛሉ።

ከሩቅ ወረዳ የምትመጣ አንዲት ሴት በአሳባችን እንከተል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ታነጋለች። የምትውጠው ላዚክስ ሽንት የሚያመላልስ ስለ ሆነ፣ አውቶቡሱም በፈለገችበት ስለማይቆምላት፣ በጉዞዋ ቀን መድኃኒቱን ሳትወስድ ትቀራለች፤ ስለዚህም ሐኪሙ ፊት የምትቀርበው ከቤቷ ስትነሣ ከነበረችው ይልቅ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿም ተቆራርጦ ነው። አስታማሚ ወንድሟ እርሻውን ትቶ ይከተላታል፤ በከተማውም ለሁለቱ ማደሪያ ይከራያሉ። የጤና መድን ደብተሯ ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጋር ካልቀረበ አያገለግላትም፤ ያ ሁሉ ተሟልቶ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት «ይኸኛው የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለች እንደ ሆነ፣ ለመመለሻ የያዘችውን ገንዘብ ለመድኃኒት ታወጣለች፤ ለሚቀጥለው ቀጠሮም የሚሸጥ በግ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ በካርዷ ላይ «ክትትሏን አቋርጣለች» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጣል ታላቅ በደል ነው። መጻጕዕ በመጠመቂያው ዳር የሰነበተው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ እንጂ ፈውስን በመናቁ እንዳልነበረ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማው ኖረናል።

በዶክተር በላይ አበጋዝ ድካም ተጀምሮ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ለድኻ ሕፃናት የዋለው ውለታ የማይዘነጋ ነው። ነገር ግን ሰው ሠራሽ (ሜካኒካል) ቫልቭ የገባለት ልጅ ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚወስደውን የዋርፋሪን መጠን የሚያስተካክልለት የደም ምርመራ በአካባቢው ካጣ፣ የቀዶ ሕክምናው ልፋት በአንዲት የረጋች ደም ከንቱ ሊሆን ይችላል።

መላው የተሰወረብን አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ከጀመረ በኋላ፣ ከትልልቁ ሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ በነርሶች እጅ ሲሰጥ አይተናል። በሩዋንዳም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረዳ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች በቀላል የልብ አልትራሳውንድ እየታገዙ የልብ ድካም ሕሙማንን ሲከታተሉ፣ ስፔሻሊስቱ ደግሞ እየተመላለሰ ሥራቸውን ያያል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣናም ይህን መሰል ሥርዓት በ2022 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል። የልብ ስፔሻሊስቶቻችን ቁጥራቸው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ጥቂት መሆናቸው ሕሙሙን ሁሉ ወደ እነርሱ ለማጋዝ ሳይሆን፣ እውቀታቸውን ለነርሶችና ለጠቅላላ ሐኪሞች ለማካፈል ምክንያት ሊሆነን ይገባ ነበር።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ቢያንስ አንድ የልብ ክትትል ቀን፣ በልብ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ፣ ሚዛንና የማይቋረጥ የላዚክስ፣ የኢናላፕሪልና የስፓይሮኖላክቶን አቅርቦት እንዲኖር ያድርጉ። ከላይ ባነሣነው የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ ሪህ የያዛቸው ወጣቶች በየ28 ቀኑ የሚወጉትን የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌም፣ አለርጂ ያስነሣል በሚል ፍርሃት ሳይወጉ የሚመልሱ ጤና ጣቢያዎች ስላሉ፣ ለባለሙያዎቹ ሥልጠናና አድሬናሊን ተሰጥቷቸው መርፌውን በዚያው እንዲወጉ በዚህ ዓመት ይታዘዝ።