ከደመራው በፊት፣ ከበራችን ውጪ

ጎረቤቶቼ፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን ሳልፍ የማየው ነገር ልቤን ደስ ያሰኘዋል። በየአጥሩ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ ጋቢ ፀሐይ ሲመታው የሚሰጠው ሽታ፣ ለእኔ መስከረም ማለት እሱ ነው። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አሸንዳ ይጠርጋል፣ ሌላዋ ከደጇ ጭቃ በአካፋ ትዝቃለች። መታጠፊያው ላይ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ ልጆቹም አደያቸውን እንደያዙ ከብበውታል።

ግን የሁላችንም አካፋ በራችን ላይ ይቆማል። የተዛቀው ጭቃ ወደ ቦዩ ይገባል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ ይተኛል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዓምና በጥቅምት ልጄ በወባ ስትንቀጠቀጥ ሌሊቱን አጠገቧ ተቀምጬ ያሰብኩት ያንን ቦይ ነበር።

አዳማ ላይ ወባ እንግዳ አይደለም። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ የነሐሴ ዶፍ የትንኟን እጭ ጠርጎ ይወስደዋል፣ መስከረም ላይ ግን ዝናቡ ያባራል፣ ውሃው ባለበት ይቀራል፣ ፀሐይም ታሞቀዋለች። የመኪና ጎማ የቆፈረው፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ትንሽ ጉድጓድ ይበቃታል። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙ፣ 1157 ሰው መሞቱ ተመዝግቧል።

አሁን ደግሞ ሌላ ትንኝ መጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ ረግረግ አትፈልግም። ክዳን የሌለው በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በበጋ ለተነሣው ወረርሽኝ ተጠያቂ የሆነችው እሷ ናት። ውሃ በሚጠፋበት ከተማ በርሜል አታስቀምጡ ማለት አይቻልም፣ እኔም አልልም። ክዳን ግን ይኑረው። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ውስጡ በደንብ ይፈተግ፤ እንቁላሉ እጭ ሆኖ፣ እጩም ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከሳምንት በላይ ስለሚፈጅበት ቶሎ ከቀደምነው ዘሯ ይቆረጣል።

የአንድ ቤት በርሜል ተከድኖ የጎረቤቱ ከተከፈተ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። ትንኝ አጥር አታውቅም። ስለዚህ ከደመራ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፣ ሁላችሁም እንድትወጡ እለምናችኋለሁ። መስቀልን የምታከብሩም የማታከብሩም፣ ቤት የተከራያችሁም። ጉልበት ያለው ቦዩን ይክፈት፣ ጉድጓዱን በአፈርና በጠጠር ይሙላ። ወጣቶች ለብቻቸው የሚኖሩ አዛውንቶችን ቤት አንኳኩተው በርሜላቸውን ይጠቡላቸው፣ አጎበራቸውንም ይስቀሉላቸው። የወጣው ጭቃ እንደገና ወደ ቦዩ እንዳይመለስ የሚጭን ጋሪ አዘጋጅቻለሁ።

ሥራው ሲያልቅ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች አውጥተን መንገዱ ላይ ቡና እንጠጣለን። ቄጤማው፣ እሸቱና ቆሎው ከእኛ ቤት ነው፤ ጀበናና ሲኒ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የእድራችን ጥሩንባ እስከ ዛሬ ሲነፋ የሰማነው ሰው ሲሞት ነው። ለዚህ ቅዳሜ እንዲነፋልን ዳኛውን ለምኜ ፈቅደዋል። ስትሰሙት አትደንግጡ። አካፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።