ለቤት የኢንተርኔት መስመር ዘበኛ ስለ ማቆም

በዛሬው ጊዜ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ሁሉ በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይጠቀማሉ። አባት ጋዜጣ ሲያነብ፤ ልጅ ትምህርቱን ሲያጠና፤ ታናሹ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲመለከት መስመሩ ይጠባል፤ ጠብም ይነሣል። ለሕፃን ዓይን የማይገባ ነገር ሳይጠሩት ከቤት የሚገባውም በዚሁ መስመር ነው። ስለዚህ ለግቢው ዘበኛ የሚያቆም ሰው ለመስመሩም ቢያቆምለት መልካም ነው። ይህም ዘበኛ ፕሮክሲ ሰርቨር ይባላል፤ ፕሮክሲ ማለት ወኪል ማለት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ራሳቸው በመውጣት ፈንታ ጥያቄያቸውን ለእርሱ ይሰጡታል፤ እርሱም ደንቡን ተመልክቶ የተፈቀደ እንደ ሆነ ያመጣላቸዋል፤ ያልተፈቀደ እንደ ሆነ ከደጅ ይመልሰዋል።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከጥግ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ሊኑክስ ከተጫነበት ይበቃል። በላዩም ስኩዊድ የተባለው ፕሮግራም ይጫናል፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው፤ ካልለወጡት በቀር ጥያቄ የሚቀበለው በ3128 ቍጥር በር ነው።

የደንቦቹ ተራ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ጉዳዩን መጀመሪያ ባገኘበት ደንብ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለውን አይመለከትም። «ለቤተ ሰቡ ሁሉ ፍቀድ» የሚለውን ከላይ፤ «ለልጆች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከልክል» የሚለውን ከታች የጻፈ አባት ልጆቹን እኩለ ሌሊት ሲጫወቱ ቢያገኛቸው ጥፋቱ የዘበኛው አይደለም። ከልካዩ ይቅደም፤ ፈቃጁ ይከተል፤ በመጨረሻም «የቀረውን ሁሉ ከልክል» የሚል ይጻፍ። ይህ ተረስቶ በሩም ለውጭ የተከፈተ እንደ ሆነ፤ የማይታወቅ ሰው በዚያ ቤት አድራሻ ክፉ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ተጠያቂም መስሎ የሚታየው ባለ ቤቱ ነው።

ልጆችም ብልሆች ናቸውና የፕሮክሲውን አድራሻ ከስልካቸው አጥፍተው በቀጥታ እንዳይወጡ፤ ከዘበኛው በቀር ማንም እንዳያልፍ በራውተሩ ላይ መከልከል ያሻል። የራሱ ሲም ካርድ ያለውን ልጅ ግን ይህ ሁሉ አይገታውም፤ ለእርሱ የሚረዳው ምክር ነው።

ቀድሞ የዚህ ዘበኛ ትልቅ ጥቅም አንድ ጊዜ ያመጣውን ገጽ አኑሮ ለሚቀጥለው ጠያቂ ወዲያው መስጠቱ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በምሥጢር ጽሕፈት ታሽጎ ስለሚጓዝ ይህ ጥቅም እጅግ አንሷል። ዘበኛውም የሚያየው የታሸገው ደብዳቤ ወዴት እንደሚሄድ ነው እንጂ በውስጡ የተጻፈውን አይደለም። ማኅተሙን ለመክፈት በየስልኩ የራሳቸውን የምስክር ወረቀት የሚያስገቡ አሉ፤ እኔ ግን ለቤት አልመክረውም፤ የባንኩም የሐኪሙም ምሥጢር በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተገልጦ ያልፋልና።

ከሁሉ የሚከብደው የመዝገቡ ነገር ነው። ስኩዊድ የትኛው ዕቃ በስንት ሰዓት ወዴት እንደ ሄደ ይጽፋል። አንዲት ልጅ ለእናትዋ ለመናገር ያፈረችውን ሕመም ለማወቅ አንድ የሕክምና ገጽ ብትከፍት፤ የገጹ ባለቤት ስም ከመዝገቡ ይገኛል። ይህን አባትዋ በስውር አንብቦ በማዕድ ላይ ቢያነሣባት፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳስባትን ነገር ማንን ትጠይቃለች? ባልና ሚስትም እርስ በርሳቸው የሚመረማመሩበት የሆነ እንደ ሆነ፤ ከመስመሩ ጥበት የባሰ ጠብ ያመጣል። ስለዚህ ዘበኛው ሳይቆም ቤተ ሰቡን ሰብስቦ ምን እንደሚከለከል፤ ምን እንደሚጻፍ፤ መዝገቡንም የሚያነበው ማን እንደ ሆነ መንገር ይገባል። ከሳምንት በላይ የቆየው መዝገብ በራሱ እንዲጠፋ ማዘዝም ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የተማሪ ቤቱ ገጽ ሳይቀር ሊከለከል ይችላል። ልጁ መጥቶ ሲናገር ሳይቈጡ ሰምቶ፤ የገጹን ስም ከተፈቀዱት ጋራ መጨመር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።