በሩ ይስፋ እንጂ ቤቱ አይፍረስ

ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አሰልጣኝ ያልሆነ ማን አለ? አጥቂው ኳሷን ወደ ሰማይ ሲሰዳት «ይሄን ልጅ እስካሁን ለምን አይቀይረውም!» የሚለው፣ ተከላካዩ ሲታለፍ «ድሮም በሦስት ተከላካይ መግባት ነበረበት» የሚለው፣ ከፊሽካው በኋላ ደግሞ በአንድ ማኪያቶ ክለቡን አፍርሶ የሚሠራው ደጋፊ ቁጥር ስፍር የለውም። የእግር ኳስ ማናጀር ጌሞች ይህንን ሰው ነው «ወንበሩ ይኸው፣ እስቲ አንተ ሞክረው» ያሉት።

ችግሩ ዛሬ ወንበሩ ላይ መቀመጥ በራሱ ሙያ የሚጠይቅ ሆኗል። «ፉትቦል ማናጀር»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው ገና አንድ ጨዋታ ሳያይ የልምምድ ፕሮግራም፣ የስካውቶች ሪፖርት፣ የኮንትራት ድርድር፣ የጋዜጠኞች ጥያቄ፣ የቦርዱ ማሳሰቢያ፣ የወጣት ቡድኑ ጉዳይ ሁሉም ተሰልፈው ይጠብቁታል። የመጀመሪያው የወዳጅነት ጨዋታ ሳይጀመር እኩለ ሌሊት ይሆናል።

በዚህ የተነሳ የጌሙ ወዳጆች ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «እግር ኳስ ራሱ ውስብስብ ነው፤ ያልቻለ ይተወው» ይላል። ሌላኛው «ሰው ከሥራ ደክሞት ሲመጣ መዝናናት ነው የሚፈልገው፣ ሁለተኛ ሥራ አይደለም» ባይ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዋናውን ጥያቄ ግን ሁለቱም ስተውታል። ጥያቄው ጌሙ ከበደ ወይስ ቀለለ አይደለም። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደተሸነፈ ማወቅ ይችላል ወይ? ነው።

ከመኝታ ክፍል የወጣ ጌም

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዛዊው ኬቨን ቶምስ «ፉትቦል ማናጀር» የሚለውን የመጀመሪያ ጌም ሲያወጣ የዘመኑ የቤት ኮምፒውተር አቅሙ ትንሽ ነበር። ተጫዋች መግዛት፣ መሸጥ፣ ቡድን መምረጥ፣ ውጤት መጠበቅ፤ በቃ! ቢሆንም ብዙ ሰው ሌሊቱን አነጋበት። ምክንያቱም የወሰነው ውሳኔ ውጤቱ ወዲያው ፊቱ ላይ ይመጣል።

ከ10 ዓመት በኋላ በ1992 ፖል እና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ ወንድማማቾች መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሲሠሩት የቆዩትን «ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር» ለገበያ አቀረቡ። በመጀመሪያው ዕትም ውስጥ የነበሩት ተጫዋቾች ስማቸው የፈጠራ ነበር። እውነተኞቹ ስሞች በቀጣዩ ዕትም ሲገቡ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ደጋፊው የሚያውቀውን ልጅ መግዛትና መሸጥ ቻለ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨመራል፤ ተጨማሪ ሊግ፣ ተጨማሪ ታክቲክ፣ ተጨማሪ ተጫዋች። እያንዳንዱ ተጫዋች ፍጥነቱም፣ አጨራረሱም፣ ቆራጥነቱም ሳይቀር ከ1 እስከ 20 ነጥብ ተሰጠው። ከነዚህ በስተጀርባ ደግሞ እስከ 200 የሚቆጠር፣ ለተጫዋቹ የማይታይ የአጠቃላይ ችሎታ ነጥብ አለ።

ይሄ ሁሉ ቁጥር ለጉራ የተቀመጠ አይደለም። በየአገሩ ሆነው ተጫዋቾችን የሚከታተሉ ሰዎች ያጠራቀሙት ነው። ኤቨርተን በ2008 ይህንኑ መረጃ ለተጫዋች ምልመላ ሊጠቀምበት መስማማቱ ምን ያህል የከበደ ሥራ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ «ይሄን ሁሉ ዝርዝር ጥረጉልንና ቀላል ጌም ስጡን» የሚል ሰው የሚያስጠርገው ነገር ምን እንደሆነ ቢያስብ መልካም ነው።

ገበያውም ይህንኑ መስክሯል። በ2003 ወንድማማቾቹ ያቋቋሙት ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ ከአሳታሚው ኤይዶስ ጋር ሲለያይ «ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር» የሚለው ስም ኤይዶስ ጋር ቀረ። ኮዱና የተጫዋቾቹ መረጃ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ሄደ። እነሱም በ2004 መጨረሻ ከሴጋ ጋር ሆነው ኬቨን ቶምስ ቀድሞ በተጠቀመበት «ፉትቦል ማናጀር» በሚለው ስም ተመለሱ። ኤይዶስ በታዋቂው ስም በ2005 ያወጣው ጌም በስህተት የተሞላ ነበር። ደጋፊው ምን አደረገ? ስሙን ትቶ ሞተሩን ተከትሎ ሄደ። ሰው ጥልቀት አይፈልግም የሚሉት ይህችን ታሪክ ያስታውሷት።

የፅጋልኮ ዘመን ትምህርት

ይሁንና የድሮው ጌም ተወዳጅነት በብዛቱ ብቻ አልመጣም። እስከ ዛሬ የሚናፈቀው የ2001/02 ዕትም ነው። ሜዳ አይታይበትም፣ ተጫዋች አይሮጥበትም። ጽሑፍ ብቻ ነው። ያም ሆኖ በጎ ፈቃደኞች ዛሬም ድረስ የዘንድሮ ተጫዋቾችን እያስገቡ ያድሱታል።

የቤላሩሱ ማክሲም ፅጋልኮ በዚያ ጌም ውስጥ ጎል ማምረቻ ፋብሪካ ነበር። በእውነተኛው ዓለም ጉዳት ጫማውን ቀድሞ አሰቀለውና በ2020 መጨረሻ በ37 ዓመቱ ሲያርፍ አንድም ቀን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች በየአገሩ አዘኑለት። አንድ ቁጥር የበዛበት ጌም እንዲህ ያለ ፍቅር የፈጠረው እንዴት ነው? መልሱ ቀላል ነው። ውስጡ ውስብስብ፣ አጠቃቀሙ ግን ፈጣን ነበር። ተጫዋቹ ታክቲኩን ይቀይራል፣ ይጫወታል፣ ያያል፣ እንደገና ይቀይራል። በአንድ ምሽት ብዙ ጨዋታ ስለሚያልፍ ከስህተቱ ለመማር ዕድል ነበረው።

ይህ ክርክር የእግር ኳስ ጌሞች ብቻ አይደለም። በጦርነት ጌሞችም ያው ነው። በ1994 የወጣው «ፓንዘር ጄኔራል» የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታንክና እግረኛ ለማንም በሚገባ መንገድ አቀረበ። ታንኩ ከተማ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደተመታ ጀማሪውም ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ ይገባዋል። በ2010 የመጣው የጋሪ ግሪግስቢ «ዋር ኢን ዘ ኢስት» ደግሞ የጀርመንንና የሶቪየትን ጦርነት በየሳምንቱ፣ በየክፍለ ጦሩ፣ ከነስንቁና ከነነዳጁ ያስቆጥራል። መመሪያው ራሱ ወፍራም መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያውን ሕዝብ ወደደው፤ ሁለተኛውን ጥቂቶች አመለኩት። ሁለቱም ቦታ አላቸው። የሚጎዳው በሁለቱ መሀል ያለው፣ ውስብስብነቱን የሚያሳይ ምክንያቱን ግን የሚደብቅ ጌም ነው።

«ሞራል ነው» አይበቃም

እስቲ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው የተከላካይ መስመሩን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግቶ እየተጫወተ 3 ለ 0 ተሸነፈ እንበል። ሁለቱ የመሀል ተከላካዮቹ ፍጥነታቸው ከ20 ስምንትና ዘጠኝ ነው። የተጋጣሚው አጥቂ 17 አለው። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ጌሙ ውስጥም አለ። ነገር ግን የአንዱ ቁጥር አንድ ገጽ ላይ፣ የሌላው ሌላ ገጽ ላይ፣ የመስመሩ ከፍታ ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ተደብቋል። ጀማሪው ይሄን አያገናኝም። «ልጆቹ ሞራላቸው ወድቆ ነው» ብሎ ያልፋል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሦስት ይገባበታል። ከዚያ ላፕቶፑን ይዘጋል፣ አይመለስም።

እንዲህ ያለው ሰው የተባረረው በጥልቀቱ አይደለም። ምክንያቱ የማይታይ ጥልቀት ለተጫዋቹ ሎተሪ ነው። ረዳት አሰልጣኙ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ መስመራችን ወጥቷል፣ ልጆቹ አይደርሱበትም» ቢለው ኖሮ ጌሙ አንድም ቁጥር ሳይቀንስ ይገባው ነበር። ረዳቱ ጌሙ ውስጥ አለ፤ ምክርም ይሰጣል። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላው የመልእክት ጋጋታ ጋር ተደባልቆ ይጠፋል።

ለማቅለል የተሞከሩ ሁለት መንገዶችም አሉ። የመጀመሪያው በ2012 መጨረሻ ከ2013 ዕትም ጋር የመጣው «ክላሲክ» የተባለው አጨዋወት ነው፤ በኋላ «ተች» ተብሏል። ሞተሩ ያው፣ ተጫዋቾቹ ያው፤ የተቀነሰው የቢሮ ሥራው ነው። ቤተሰብና ሥራ ያለው ሰው የውድድር ዘመኑን ሳይሰለች እንዲጨርስ የታሰበ ነው። ይሄ በር ማስፋት ነው፤ ቤቱ አልተነካም።

ሁለተኛው የስልክ ጌሞች መንገድ ነው። በ2010 ከቤልግሬድ የወጣው «ቶፕ ኢለቨን» ጆዜ ሞሪንሆን ሳይቀር የማስታወቂያ ፊቱ አድርጎ እጅግ ብዙ ሰው ሰብስቧል። በስልክ መሆኑ ነውር የለውም፤ ኮምፒውተር የሌለው ደጋፊም አሰልጣኝ መሆን አለበት። ነገር ግን በተጫዋች ጨረታው ላይ «ቶክን» ያስፈልጋል፣ ቶክን ደግሞ በገንዘብ ይገዛል። እዚህ ላይ ማቅለል የተባለው ነገር ፊቱን ይቀይራል። መግባቱ በነፃ ነው፤ ውስጥ ግን የተሻለ ያሰበ ሳይሆን ብዙ የከፈለ የሚቀድምበት ጊዜ አለ። አንድ አሰልጣኝ በታክቲክ ቢሸነፍ ይማራል። በኪስ ቢሸነፍ ምን ይማራል?

የ2025ቱ ጉድ

በሩን ለማስፋት ብሎ ቤቱን ማናጋት ምን እንደሚያስከፍል ራሱ ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ በቅርቡ አይቶታል። ኩባንያው አሮጌውን ቴክኖሎጂ ትቶ «ዩኒቲ» ወደሚባለው ሲሸጋገር የ2025ቱ ዕትም በተደጋጋሚ ዘገየና በየካቲት 2025 ጭራሽ ተሰረዘ። በየዓመቱ ሳያሰልስ ይመጣ ለነበረ ጌም ይሄ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። በኅዳር 2025 የተተካው የ2026 ዕትም የሴቶችን እግር ኳስ ማካተቱ የሚያስመሰግን ነው። ቡድኑ ኳስ ሲይዝና ሲያጣ በተለያየ ፎርሜሽን እንዲጫወት መፍቀዱም እንደዚሁ። ነገር ግን ገጾቹ እንደ አዲስ ተገለባብጠው ስለነበር ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ሳይቀሩ የሚያውቁትን ነገር ፍለጋ ተንከራተቱ። በወጣ ሰሞን የተጫዋቾቹ አስተያየት በአብዛኛው ወቀሳ ነበር። አዲሱን ሰው ለመጥራት ተብሎ ነባሩ መንገድ ጠፋበት።

መግቢያ በር ሲባል ግን ገጽ ማሳመር ብቻ አይደለም። የእኛን አገር ወጣት እንመልከት። ብዙው ጌም የለመደው በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በጨዋታ ሂሳብ በሚከፈልበት ቤት የአንድ ዓመት ውድድር ቁጭ ብሎ የሚያስተዳድር የለም። ማናጀር ጌም የራስ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ንባብም ይፈልጋል። ያንን ሁሉ አልፎ የገባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ደግሞ የራሱን ክለብ ይዞ በአገሩ ሊግ መጀመር ቢያምረው ሊጉን ከሳጥኑ ውስጥ አያገኘውም። እስከ 2024 ዕትም ድረስ ከአፍሪካ በይፋ ተዘጋጅቶ የሚጫወቱት ሊግ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበር። ሌላው በኤዲተር ራሱ ይሥራው ወይም የሌላ አድናቂን ሥራ ይለምን! በአውሮፓ ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ላይ ይህን ያህል የተራቀቀ ጌም ለአፍሪካ በሩን ገርበብ ብቻ ማድረጉ ያሳዝናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? የቁጥሩ ብዛት አይነካ፤ ጌሙን ጌም ያደረገው እሱ ነው። ማቅለል የሚያስፈልገው ለማየትና ለመረዳት የሚደረገው ድካም ነው። አዲስ ሰው በታክቲክና በአሰላለፍ ብቻ ይጀምር፣ ሌላውን ረዳቶቹ ይያዙለት፣ ሲለምድ አንድ በአንድ ይረከብ። ነባሩም የለመደው ቦታ አይነካበት። ሲሸነፉ ደግሞ ሁለቱም እኩል ግልጽ ምክንያት ይነገራቸው።

ከባድ ነገር የሚመስለው ካለ ራሱን ኳሱን ይመልከት። የእግር ኳስ ሕጎች 17 ብቻ ናቸው። የጨርቅ ኳስ የሚያባርር ሕፃን በአንድ ከሰዓት ይገባዋል፤ ማርሴሎ ቢየልሳ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጠናው ኖሮ አልጨረሰውም። ሕፃኑን ለማስገባት ብሎ ከቢየልሳ ላይ የቀነሰ የለም።