«ምን ይዘው መጡ?» ከማለታችን በፊት



የምጽፈው ባሕር ማዶ ተሻግረው፣ ሠርተው፣ ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ ባልና ሚስቶች ነው። ብቻውን ስለሚሰደድ ወጣት ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ ደላላም ክፋት ብዙ ተብሎአል። ነገር ግን ተጋብተው ስለሚሄዱት፣ በሰው አገር ጎጆ ለመያዝ ስለሚጥሩት፣ በመጨረሻም አንድ ሻንጣ ለሁለት ይዘው ስለሚመለሱት ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

እኔ በመካነ ሰላም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላ፣ በሳይንትና በለጋምቦ እንደሚታወቀው መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ጠቦአል፤ የበልጉም ዝናም አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ ወጣቱ ሳዑዲ ዐረቢያን ተስፋ ያደርጋል። በክፍሌ ከሚቀመጡት ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ወንድም፣ እኅት፣ አለዚያም ወላጅ በዚያ አላቸው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ባስወጣች ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ደግሞ ከ100,000 በላይ የሚሆኑትን ለመመለስ ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው በአውሮፕላን ማጓጓዝ ተጀመረ። ከእነዚህ መካከል የእኛ ጎረቤቶች ነበሩባቸው።

አንድ ተመላሽ ወደ ከተማችን በገባ ቁጥር በየቡና ቤቱና በየደጃፉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ይዘው መጡ?» ይባላል። «እንዴት ሰነበቱ? እንዴትስ ኖሩ?» የሚል ግን ጥቂት ነው። እኔም እንዴት እንደ ኖሩ ስለ ሰማሁ፣ የሰማሁትን ለአንባቢ ማካፈል ግዴታዬ መስሎ ታየኝ።

የማውቃቸው ባልና ሚስት በ2007 ዓ.ም. ሄደው በ2014 ዓ.ም. የተመለሱ ናቸው። በሄዱበት ጊዜ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር መሄድ በመንግሥት ታግዶ ነበር፤ እገዳው ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. ጸንቶአልና። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ በሕገ ወጥ መንገድ ገቡ። ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም። ሚስቲቱ በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ተቀጠረች፤ ባልየው ከከተማው ርቆ በሚገኝ እርሻ ላይ በግና ግመል ይጠብቅ፣ የውሃውንም ሞተር ያንቀሳቅስ ነበር። እርሷ ከአሠሪዎችዋ ቤት ታድራለች፤ እርሱ ከእርሻው ያድራል።

ታዲያ ጎጆአቸው የት ነበረ? ማንፉሃ በሚባለው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የሪያድ ሰፈር፣ ከሌሎች ሦስት ባልና ሚስቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው በአንሶላ ጋርደውት ነበር። በዚያች ክፍል የሚገናኙት በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ቀን ነበረ። እርሱ ሐሙስ ማታ አትክልት በሚያመላልስ መኪና ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። በመንገድ ላይ ፍተሻ አለ የተባለ እንደ ሆነ ግን ይቀራል፤ እርሷም ወጡን ሠርታ ስትጠብቅ ትውላለች። ጤፍ ስለማይገኝ እንጀራው ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት ይጋገራል፤ በርበሬውና ሽሮው ከአገር ቤት በመንገደኛ የተላከ ነው። እርሱ የሳምንቱን እንቅልፍ ይተኛል፤ እርሷ የእርሱን ልብስ ታጥባለች። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ ግን ስልኩ ይጮኻል።

የሚደውለው ማነው? እኛ ነን። ዓርብ ዕረፍት መሆኑን ስለምናውቅ የምንደውለው በዚያ ቀን ነው። የአንዱ በሬ ሞቶበታል፤ የአንዱ ልጅ ሊዳር ነው፤ አንዱ ለአባቱ ተዝካር፣ አንዱ ለሰደቃ ጎድሎታል፤ አንዱ ደግሞ እርሱም በተራው ለመሄድ ለደላላ የሚከፍለው ቸግሮታል። ባልና ሚስቱ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ያገኙአትን ቀን ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ እኛ ሲነጋገሩ ይፈጁአታል።

የሒሳብ መምህር ነኝና እስቲ እናስላው። ሰባት ዓመት ማለት 2,555 ቀን ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዓርብ ሲሆን በዓመት 26፣ በሰባት ዓመት 182 ቀን ይሆናል። ፍተሻ ያስቀረው ሳይቀነስ፣ የሰባት ዓመት ትዳር ማለት የስድስት ወር ትዳር ሆነ ማለት ነው። አበው «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላሉ። እነዚህ ግን አንዱን ባሕር አብረው ተሻግረው በወዲያኛው ዳር ተለያይተው የኖሩ ናቸው። ለአያቷ ትተዋት የሄዱት ሴት ልጃቸው ደግሞ ሲመለሱ አያቷን «እማዬ»፣ እናቷን «እትዬ» ብላ ጠራች። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ «እውነትዋን ነው» ብቻ አለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኢቃማ የሌለው ሰው በዚያ አገር በስሙ የባንክ ሒሳብ ሊከፍት አይችልም። ስለዚህ ደመወዙን ወይ በትራስ ሥር ይደብቀዋል፣ ወይ በሐዋላ ወደ አገር ቤት ይልከዋል። የእነዚህም ባልና ሚስት ገንዘብ የተላከው በባልየው ወንድም ስም ነበር። ወንድምየው ሌባ አልነበረም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የተጠየቀውን ሁሉ ሰጠ። ለአባት ቤት ቆርቆሮ አለበሰ፤ በሬ ገዛ፤ ሁለት ሠርግ ደገሰ፤ የአጎት ልጅ ላከ። እያንዳንዱ ወጪ ለብቻው ሲታይ ደግ ሥራ ነው። ድምሩን የያዘ ሰው ግን አልነበረም። ባልየው ተይዞ በታሰረ ጊዜ ሚስቲቱም ለመመለስ እጅዋን ሰጠች፤ ሁለቱም አገራቸው ሲገቡ በስማቸው የተቀመጠ አንዳች ነገር አላገኙም። ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ «ሰባት ዓመት ተቀምጠው ምን ይዘው መጡ?» የተባሉት። የያዙትማ በእኛ ቤት ጣሪያ ላይ ነበረ!

አንዳንድ ሰው «የዐረብ አገር ገንዘብ ባይኖር ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ከየት ይመጣ ነበር?» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ብዙ ልጆች ደብተርና ጫማ ያገኙት በዚያው ገንዘብ ነው። እኔም «ማንም አይሂድ» አልልም፤ መሬት የሌለውን ጎልማሳ «ተቀመጥ» ማለት ለተናጋሪው ይቀላል። የምለው ነገር፣ የሄዱት ሰዎች ላባቸውን ብቻ ሳይሆን ትዳራቸውንም ጭምር ስለሚከፍሉ፣ የተከፈለው ለከፋዮቹ ይትረፍ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ የሚሄዱ ባልና ሚስት ከመነሣታቸው በፊት እዚሁ አገር ቤት በሁለቱም ስም የጋራ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። በቤተ ሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው፤ የወንድም ወይም የአማት አይደለም። ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ድርሻ አስቀድሞ ይወሰን፤ ከዚያ የተረፈው አይነካ። ገንዘቡን የሚቀበል ዘመድም ገቢና ወጪውን በደብተር ይጻፍ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ ለአንድ ጠመኔ እንኳ መዝገብ እናስይዝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ነገሩ ንፍገት ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን የአደራ ጠባቂ እርሱ እንደ ሆነ አያለሁ።

ሁለተኛ፣ የሚሄድ ሰው በሕጋዊ መንገድ ይሂድ። እገዳው ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ተከፍቶአል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የደርሶ መልስ መጓጓዣውን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎአል። ሳዑዲ ዐረቢያም ብትሆን በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ባወጣችው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ፈቅዳለች። ውል ያለው ሰው ይህን ቀን መጠየቅ ይችላል፤ ወረቀት የሌለው ግን ማንን ይጠይቃል? ለባልና ሚስት ደግሞ የዕረፍት ቀን ማለት ትዳር ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ተመላሾችን በባዶ እጅ የመጡ አድርገን አንቁጠራቸው። ያች ሴት ዐረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ትልቅ ቤት ማስተዳደር ታውቃለች። ባልዋ የውሃ ሞተር ፈትቶ ይገጥማል፤ በእኛ ወረዳ ደግሞ ሞተራቸው ተበላሽቶ ጠጋኝ አጥተው የተቀመጡ ገበሬዎች አሉ። የቁጠባና የብድር ማኅበሮቻችን ይህን ዕውቀት እንደ ዋስትና ቢመለከቱት ምን ይከፋል? ትምህርት ቤቶችም እነዚህን ሰዎች እየጋበዙ፣ ሳያስፈራሩና ሳያሞግሱ፣ የኖሩትን እንዲሁ እንደ ኖሩት እንዲናገሩ ቢያደርጉ፣ ተማሪው ከደላላ አፍ ይልቅ ከእነርሱ እውነቱን ያገኛል።

ይህን ሁሉ ማድረግ ዛሬውኑ ለማይቻለን፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ከሩቅ አገር ባልና ሚስት ሲመለሱ ሻንጣቸውን በዓይናችን ከመመዘን ይልቅ «እንኳን በደኅና ገባችሁ፤ ደክማችኋል፤ እስቲ ዐረፍ በሉ» እንበላቸው። አንድ ሁለት ሳምንትም ማንም ምንም ሳይለምናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ቡናቸውን እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመካነ ሰላም