ሰዓት ዘመድ የለውም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ማርክ ሩፐርት የሚባል ሰው በዋሽንግተን ከተማ አንድ እንግዳ ሐሳብ አመጣ። ሐሳቡም፣ በ48 ሰዓት ብቻ ተጽፎ፣ ተቀርጾና ተቀናብሮ ያለቀ ፊልም በውኑ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያየው የሚችል ይሆን ወይ የሚል ነበር። ሊዝ ላንግስተን ከምትባል ባልደረባው ጋር ሆኖ ሞከረው፤ ሰውም ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ውድድር በብዙ አገሮች ከተሞች ተካሂዷል፤ እርሱን መሰል ውድድሮችም በያገሩ ተፈልፍለዋል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ዐርብ ማታ ቡድኖቹ ይሰበሰቡና የፊልማቸውን ዐይነት በዕጣ ያወጣሉ። ለአንዱ አስቂኝ፣ ለሌላው አስፈሪ፣ ለሌላው ደግሞ የፍቅር ይደርሰዋል። ከዚህ በቀር ለሁሉም እኩል ሦስት ነገር ይታዘዛል፤ ይኸውም አንድ ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ዕቃና አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ሦስቱም በፊልሙ ውስጥ መታየትና መሰማት አለባቸው። ርዝመቱ ከ4 ደቂቃ እስከ 7 ደቂቃ ነው። ሰው መሰብሰብና መሣሪያ ማዘጋጀት አስቀድሞ ይፈቀዳል፤ መጻፍ፣ መለማመድ፣ መቅረጽና ማቀናበር ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ክልክል ነው። እሑድ ማታ ሰዓቱ ሲሞላ ፊልሙ ከአዘጋጆቹ እጅ መግባት አለበት።

ያ ዕቃና ያ ዐረፍተ ነገር ለጨዋታ ብቻ የገቡ እንዳይመስላችሁ። ከስድስት ወር በፊት የሠራውን ፊልም አቧራውን አራግፎ «በሁለት ቀን ሠራሁት» የሚል ብልጥ ቢመጣ ዕጣው ያጋልጠዋል። መምህር የሆነ ሰው ይህን ዘዴ ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ የፈተና ጥያቄ በየዓመቱ የሚለወጠው በዚሁ ምክንያት ነውና።

ለመሆኑ 48ቱ ሰዓት የት ይሄዳል? ብዙ ሰው ካሜራው የሚበላው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ሮጀር ኮርማን የተባለው አሜሪካዊ በ1960 የወጣውን «ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» የተባለ ረጅም ፊልም፣ ዋናውን ቀረጻ በሁለት ቀንና በአንድ ሌሊት መጨረሱ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ዳሩ ግን ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ድርሰቱ ተጽፎ፣ ተዋንያኑም ተለማምደው ነበር። ሰዓቱን የሚበሉት ከቀረጻው በፊት ያለው ክርክርና ከቀረጻው በኋላ ያለው የድምፅና የማቀናበር ሥራ ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ጋሬት ኤድዋርድስ የተባለው እንግሊዛዊ በ2008 በለንደን እንዲህ ባለ የ48 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ2010 የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት ፊልሙን አወጣ፤ በ2014 ደግሞ «ጎድዚላ»ን የሚያህል ትልቅ ፊልም አዘጋጀ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚደርሰው ከስንት አንድ ለሆነ ሰው ነው። የቀረው ግን ቢያንስ የጀመረውን ነገር አንድ ጊዜ ጨርሶ ያያል። በመሳቢያው ውስጥ ያላለቀ ድርሰት ያላስቀመጠ ወጣት የት ይገኛል?

ባለፈው ሰኔ፣ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ አራት ተማሪዎቻችን ወደ አንድ የአጭር ፊልም ውድድር ገቡ። ርእሱ ዐርብ ማታ ተነገረ፤ «ጎረቤት» የሚል ነበር። ፊልሙ እሑድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት በኢንተርኔት መድረስ አለበት። መሣሪያቸው የአንደኛዋ ታላቅ ወንድም ስልክና አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ነበር። ቅዳሜን እስከ ረፋዱ ድረስ በክርክር ፈጁት። አንዱ ሽጉጥ ያለበት ታሪክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ (በዚህ ዕድሜ ሽጉጥ የማይፈልግ የለም)። በመጨረሻ ተጣልተው ቡና መጠራራት ስላቆሙ ሁለት አሮጊቶች እንዲሆን ተስማሙ። ተዋንያኑም የአንደኛው ልጅ አያትና እውነተኛዋ ጎረቤታቸው ሆኑ።

ገና ሁለተኛውን ትዕይንት ሲቀርጹ ዝናቡ ወረደ። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆኖ በሰኔ ዝናብ ንግግር ለመቅዳት የሞከረ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ የሰው ድምፅ የሚባል ነገር አልተሰማም። ወንዶቹ ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ አሉ። አቀናባሪዋ ልጅ ግን፣ «ተጣልተው የለም እንዴ? የተጣላ ሰው ምን ያነጋግረዋል?» አለችና ንግግሩን በሙሉ አስወጣችው። ስለዚህ ፊልሙ አንዲት ቃል የለበትም። ዝናቡ ይወርዳል፤ አንደኛዋ አሮጊት አንድ ስኒ ቡና በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ግቢውን ያቋርጣሉ፤ ሌላዋ በሩን ከፍተው ይቆማሉ። ካየኋቸው የተማሪ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም፤ የሽጉጡም ነገር በዚያው ተረሳ።

እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መብራት ጠፋ። የኮምፒዩተሩ ባትሪ ከሞተ ዓመት ያለፈው ስለ ሆነ አምስቱ ሰዓት በከንቱ ሄደ። ፊልሙ ያለቀው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ነበር። እዚህ ላይ ሒሳቡን ተመልከቱ፤ 500 ሜጋባይት የሚመዝን ፊልም በሰኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሲላክ 2,000 ሰኮንድ፣ ይኸውም 33 ደቂቃ ይፈጃል። የደረሰው 6 ሰዓት ከ13 ላይ ነው። ጧት፣ ፊልሙ ከሰዓቱ በኋላ ስለ ደረሰ ለውድድር አይቀርብም የሚል አጭር መልእክት መጣ።

በዚያው ቀን የአንደኛው ልጅ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ጨዋና አስተዋይ ሰው ናቸው። ልጆቹ በተሰበሰቡበት፣ «መምህር፣ እዚያ ቤት የማውቀው ሰው አለ። ብደውልለት ምን ይመስልሃል? 13 ደቂቃ ምን አላት?» አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አቀናባሪዋ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይቅርብን። ሌሎቹም እኮ መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል፤ እነሱ የሚደውሉለት ሰው ከየት ያመጣሉ?» አለች። ሰውዬው ጥቂት አሰቡና ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ልጃቸው ግን አኩርፎ ሁለት ቀን አላነጋገራትም።

በበኩሌ ከልጅቷ ጋር ነኝ። እርግጥ ነው፣ ሰዓት ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ጄኔሬተር ያለው ቤትና የሌለው ቤት በአንድ ሰዓት አይዳኙም ቢባል ሐሰት ነው የሚል የለም። ነገር ግን 13 ደቂቃ ለአንዱ ከተማለደለት ነገ ለሌላው 1 ሰዓት ይማለድለታል፤ ያን ጊዜ የሚያሸንፈው ፊልም የሠራው ሳይሆን ስልክ ቁጥር የያዘው ነው። የሐበሻ ቀጠሮ እያልን በራሳችን የምንስቅበት ነገር፣ ወደ ውጤትና ወደ ሽልማት ሲገባ የሚያስቅ አይሆንም።

አዘጋጆቹ ደግሞ ከዋሽንግተኑ ደንብ አንድ ነገር ቢወስዱ መልካም ነው። እዚያ የዘገየ ፊልም ከዋናው ሽልማት ይወጣል እንጂ ከመጋረጃው አይወጣም፤ ከሌሎቹ ጋር ለተመልካች ይታያል። የልጆቹን ፊልም እኛው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ በነጭ አንሶላ ላይ አሳየነው። ሁለቱ አሮጊቶች ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ጎረቤቲቱ እንዲህ መክሳታቸውን እስከዚያ ቀን ማንም እንዳልነገራቸው እየተናገሩ አዳራሹን አሣቁት።

ሌላም ትንሽ ነገር አለች። ማስታወቂያው ሲጻፍ ሰዓቱ በኛ ይሁን በፈረንጅ ተለይቶ ይጻፍ። «እሑድ 7፡30» ተብሎ ብቻ ሲወጣ አንዱ ምሳውን እንደ በላ እያለከለከ ይደርሳል፤ ሌላው ደግሞ ከራት በፊት ፊልሙን ይዞ ዘና ብሎ ይመጣል።